የግራው ፍሬቻ ያኮረፈ ሰሞን

ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነበር። በባቡሩ ወርክሾፕ ፉርጎ ሲቀባ ውሎ ቤት ሲገባ እንኳ እጁ አያርፍም። አለቃውን አስፈቅዶ የተረፈ ቀለም በቆርቆሮ ይዞ ይመጣና የእናታችንን አልጋ፣ የውሃ በርሜሉን፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ አንድ ጊዜም የዶሮዎቹን ቤት ቀብቷል። ሲቀባ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው የሚታየውን ገጽ ብቻ አይደለም። ቡሎኑን ይፈታል፣ ከቡሎኑ ሥር ይቀባል፣ ሲደርቅ ይደግማል፣ ያ ሲደርቅ ይሠልሳል።

«ዝገት ሌባ ነው» ይለኛል። «በበር አይመጣም። አንቺ ባላየሽው ስንጥቅ ነው የሚገባ።»

እኔም ነገር ካልተጣራ የማይሆንልኝ ሰው ስለሆንኩ ይህን አመሉን እወድለት ነበር። በዚሁ አመሉ ከሚኒስትሪ ፈተና ሊያስቀረኝ ምንም እንዳልቀረው ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ማንበብ የቻልኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ዴስኩ ለጉልበቴ አልበቃ ብሎ ስድስት ወር በጎን ተቀምጬ ጻፍኩ። ይህ የማወራው ነገር ሲሆን ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ሰኔን እጠብቃለሁ። እስከ አሥር ሰዓት ጥጥ ፋብሪካ ክር አጠነጥናለሁ፤ በአሥር ሰዓት ተኩል የማታው ተማሪ ደወል ይደወላል። በፋብሪካውና በትምህርት ቤቱ መካከል ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱ አለ። በእግር አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጋሪ ቢኖርም ባለጋሪው ሰው ሳይሞላ አይነቃነቅም፤ ፈረሱም በዚያ ሙቀት ከጌታው ጋር ተስማምቶ ነው የሚኖረው።

በዚያ ዓመት አዲስ ዳይሬክተር መጡ። ከደወል በኋላ በሩ ይዘጋል፣ ያረፈደ ውጭ ቆሞ አንደኛው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ደግሞ ስሙ ለሚኒስትሪ ፈተና ከሚላከው ዝርዝር ይሰረዛል። ይህን ራሳቸው በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፈው በር ላይ ለጠፉት። ሕጉን አልተቃወምኩትም። እንዲያውም ማስታወቂያው ላይ አንድ የተገደፈች ፊደል አግኝቼ ነግሬያቸው አርመዋታል። እኔን በሰዓቱ የሚያደርሱኝ ወንድሜና ሞተር ሳይክሉ ነበሩ።

ሞተሩን ወንድሜ የገዛው አገር ለቅቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንጅ ቀያሽ ነው። ጃፓን ሠራሽ ነው። በሰፈራችን ሌሎች ሞተሮችም ነበሩ፤ ነገር ግን የሚታጠፉበትን የሚያሳዩት ነጂዎቻቸው እጃቸውን ዘርግተው ነው። የእኛው ግን ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ፣ አራት ፍሬቻ ነበረው፤ ብርቱካን የመሰሉ፣ ወደሚታጠፍበት በኩል ብልጭ ድርግም የሚሉ። ወንድሜ መታጠፊያ በሌለበትም ያበራቸው ነበር።

እኔ ከኋላው እቀመጣለሁ። ሴት ልጅ ሞተር ላይ የምትቀመጠው በጎን ነው፤ ሁለት እግሯን ወደ ግራ አሳልፋ፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ ሥር ሸጉጣ፣ በአንድ እጇ ከኮርቻው ኋላ ያለችውን ብረት ጨብጣ። እኔ በሌላው እጄ የመጽሐፍ ቦርሳዬን አቅፋለሁ። እንደ ወንድ አንፈራጦ መቀመጥ የሚባል ነገር በአእምሮዬም አልፎ አያውቅም።

ለፋሲካ እረፍት ሲያገኝ ወንድሜ ሞተሩን ፈታታው። ስምንት ቀን ሙሉ ግቢያችን የቡሎንና የዳዶ ገበያ መሰለ። እናቴ ለዶሮ ወጥ የገዛችውን ሰፊ ትሪ ዕቃ ማስቀመጫ አደረገባት። ሲገጣጠም ሞተሩ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ በጎኑ ወርቅማ መስመር የተሰመረበት፣ ልክ የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ። ሰው ከመጋላ ሰፈር ድረስ ሊያየው መጣ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ አምሮበት ሄድን፤ ከዚያ የግራው ፍሬቻ ማኩረፍ ጀመረ።

ደቻቱን በድልድዩ እንደተሻገርን ወደ ግራ እንታጠፋለን። እጥፋቱ ላይ፣ ከኒም ዛፍ ሥር አንድ የትራፊክ ሃምሳ አለቃ ይቆማል። ጫማው አቧራ አይነካውም፤ እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም። ያን ቀን ልንታጠፍ ስንል ፊሽካውን ነፋ።

«ቁም! ወዴት ነህ?»

«ወደ ግራ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ፍሬቻ አሳይቻለሁ።»

«ናና እየው።»

ወንድሜ ወርዶ አየ። የፊተኛው የግራ ፍሬቻ በርቶ ቀርቷል፤ ብልጭ ድርግም አይልም። የኋለኛው ጭራሽ ጨልሟል።

«ፍሬቻ ይጠቅሳል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ይሄ ያፈጣል። እኔን እዚህ አቁሞ ያፈጥብኛል! ሊብሬህን ወዲህ በል። ጥቅሻ ሲለምድ መጥተህ ትወስዳለህ።»

የሞተሩን ሊብሬ ኪሱ ከተተ። እኔ ከዚያ በእግሬ እየሮጥኩ ብሄድም በሩ ተዘግቶ አገኘሁት። ዳይሬክተሩ መዝገባቸውን ገልጠው ከስሜ አጠገብ በቀይ ቀለም አንድ ሰረዝ አሰመሩ።

በማግሥቱ ጧት ወንድሜ ብቻውን ሄደ። የግራውን ሲያበራው እንደ ምን ያለ ጥቅሻ! ሃምሳ አለቃው «አሁን ሰው ሆነ» ብሎ ሊብሬውን መለሰለት። ወንድሜ አቧራ ይሆናል ብሎ ደመደመ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ያልተጠገነ ነገር ሲድን ደስ አይለኝም፤ በምን እንደዳነ ካላወቅሁ በምን እንደሚታመምም አላውቅም። በሂሳብ ደብተሬ ጀርባ ሰንጠረዥ አሰመርኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ መንገድ፣ ማን ነበረ፣ ፍሬቻው ምን ሆነ።

በሦስተኛው ቀን እዚያው ቦታ አፈጠጠ።

«አንተ!» አለ ሃምሳ አለቃው፤ የተገረመ መሰለ። «ትናንት ጧት ብቻህን ስትመጣ ጠቅሶልኝ አልነበር? ምነው፣ እህትህ ስትኖር ያፍራል?»

«አቦ ሃምሳ አለቃ፣ እሷ ፈተና አለባት፤ አሁን እንኳ…»

«ፈተናው የእሷ፣ ፍሬቻው የአንተ። ሊብሬ! ለሦስተኛ ጊዜ ሲያፈጥብኝ ካየሁት ታርጋውን እነቅለዋለሁ።»

ሁለተኛው ቀይ ሰረዝ ተሰመረ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው «የእኔ ልጅ፣ ሦስተኛውን እንዳታሰምሪኝ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ ከክፉ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራ። ሰኔ ሊገባ አራት ሳምንት ቀርቶታል።

ወንድሜ በዚያው ሳምንት መጋላ ወደ አዴር ወሰደው። አዴር የመኪና ኮረንቲ ሲጠግኑ ያረጁ ሶማሌ ናቸው፤ አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ሲሆን ክርስቲያኑም እስላሙም በዚሁ ይጠራቸዋል። አምፖሉን ቀየሩ። ፍሬቻውን የምታስጠቅሰውን ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳም ቀየሩ። ባትሪውን ውሃ አጠጡ። ሁሉንም ያደረጉት ግን ፍሬቻው ደህና እየጠቀሰ ነው። ወንድሜ ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ተቆጡ።

«ዋሪያ፣ አንተ ሰው! የታመመ ግመል አምጣልኝ፣ ላክምልህ። አንተ ጤነኛ ግመል እየጎተትክ አሟል ትለኛለህ። ይኸው ይጠቅሳል! ከዚህ በላይ ምን ያድርግ፣ ይሳምህ?»

ሊብሬውን ወንድሜ እንደ በፊቱ ብቻውን ሄዶ አስመልሶት ነበር፤ ነገር ግን ከእንግዲህ እኔን ይዞ በዚያ እጥፋት ማለፍ ፈራ። ማታ ብድግ ብሎ «ገባኝ!» አለ።

«ምኑ?»

«የታመመው ግራው ነው። ቀኙ ጤነኛ ነው። ወደ ቀኝ ብቻ እየታጠፍን እንሄዳለን!»

አልሳቅሁበትም። ወረቀት አወጣሁና መንገዶቹን ሣልኩ። ይቻላል። ድልድዩን ትቶ ከታች በኩል የደረቀውን የደቻቱን አሸዋ መሻገር፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ። አራት ቀን እንደዚያ ሄድን። አሸዋው መካከል እኔ ወርጄ እገፋለሁ፣ ወንድሜ ጋዝ ይሰጣል፣ አሸዋው በሙሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከጀልዴሳ ገጠር ግመል እየነዱ የሚመጡ ሰዎች ቆመው ይስቁብናል። ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ክፍል ገብቼ ጫማዬን ከዴስኩ ሥር አራግፋለሁ። የክፍሉ ጠራጊ «ይቺ ልጅ ደቻቱን ቀስ በቀስ ወደዚህ ልታዛውረው ነው» አለች።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከሐረር በኩል ተራራው ላይ ዘነበ። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደቻቱ ቡናማ ሆኖ መጣ። ሰው ድልድዩ ላይ ወጥቶ ጎርፉን ያያል፤ እኔ የማየው መንገዳችን ሲሄድ ነው። ውሃው በማግሥቱ እንኳ ቢጎድል አሸዋው ለሳምንት ረግረግ ይሆናል። ሰኞ በድልድዩ ከማለፍ በቀር ምንም አልቀረንም። ድልድዩ ደግሞ ሃምሳ አለቃው ናቸው። (በዚያ ቀን በልቤ አንቱ ብያቸዋለሁ።)

ቅዳሜ ሥራው ግማሽ ቀን ነው፣ ትምህርትም የለም፤ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ ግቢው ውስጥ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። እስከዚያ ድረስ ጥፋቱን በሙቀት ነበር የማሳብበው፤ የሚያፈጠው ከሰዓት በኋላ፣ የሚጠቅሰው ጧት ነውና። ግን ሐሙስ ዕለት ወንድሜን በምሳ እረፍቱ፣ በስምንት ሰዓት፣ ድመት እንኳ ከጥላ በማትወጣበት ሰዓት፣ ብቻውን ሰፈሩን እንዲዞር በዋዜማው አዝዤው ሃያ ጊዜ አብርቶ ሃያ ጊዜ ጠቅሷል። ሙቀት አይደለም። መንገድም አይደለም፤ አሸዋው ውስጥ ሲንገጫገጭ ከርሞ ጣሳዋም አምፖሉም ደህና ናቸው። ጣቴን በሰንጠረዡ ላይ ወደ ታች አወረድኩ። ያፈጠጠበት ቀን ሁሉ «ማን ነበረ» ከሚለው ሥር የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው።

«ወንድም ጋሼ!»

«አቤት!»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ፍሬቻውን የማጠፋው እኔ ነኝ። እኔ ከሌለሁ ይሠራል።»

ወንድሜ ከጣራው ሥር ሆኖ ሳቀ። «ክር ስትበጥሺ መዋሉ አንሶሽ ኮረንቲም በጠስሽ?»

«ሌላም አለ። ና እየው።» የሳይንስ መጽሐፌን ገልጬ አሳየሁት። ሥዕሉ ላይ ባትሪና አምፖል አሉ፤ አንድ ሽቦ ከባትሪው ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ ሌላ ሽቦ ከአምፖሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። «ኮረንቲ መሄጃም መመለሻም ይፈልጋል። እዚህ ፍሬቻ ጋ የሚመጣው ሽቦ ግን አንድ ብቻ ነው። አራቱንም ቆጥሬያለሁ፤ ሁሉም ጋ አንድ አንድ ነው። አራት ሽቦ ጎድሏል።»

ወንድሜ ደነገጠ። «እኔ ሽቦ አልነካሁም! በእናቴ! ሽቦ አልቀባሁም!»

እሑድ ለእኔ እረፍት ነው፤ አዴር ደግሞ እሑድ ይሠራሉ። ሞተሩን ይዘን ሄድን። አዴር ከቆርቆሮ ጥላቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የከባድ መኪናቸውን ዲናሞ የሚጠብቁ ሁለት ወፋፍራም ሾፌሮች አሉ። ወንድሜን ሲያዩ እጃቸውን አነሱ።

«ጤነኛው ግመል መጣ!»

«ዛሬ እህቴን አምጥቻለሁ፣ አዴር። እሷ የምትለው አላት።»

እኔ ብዙ ሰው ባለበት አልናገርም። ደብተሬን አቀበልኳቸው። አማርኛ ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅሁት ገልብጠው ሲይዙት ነው፤ አፍሬ ልቀበላቸው ስል «አንብቢልኝ፣ አባዮ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ሾፌሮቹ ሳቁ። አዴር ግን ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ ማኘክ አቆሙ።

«ሁሉ ቀን አንቺ አለሽ?»

«ባፈጠጠበት ቀን ሁሉ።»

«ክብደት ነው እንግዲህ» አለ አንዱ ሾፌር። አዴር ወንድሜንና ሁለቱን ሾፌሮች አንድ ላይ ጫኗቸው፤ ሦስቱም አንፈራጠው እንደ ስንዴ ጆንያ ተደራርበው ተቀመጡ። ሞተሩ አቃሰተ። የግራው ፍሬቻ ግን ጠቀሰ፣ ጠቀሰ፣ ጠቀሰ።

«ክብደት አይደለም» አሉ አዴር። «ውረዱ፣ ጎማውን ገደላችሁት። አባዮ፣ አንቺ ውጪ። እንደምትሄጂበት ሆነሽ ተቀመጪ።»

ያን ሁሉ ወንድ ፊት ሞተር ላይ መውጣት ከፈተናው ይልቅ ከበደኝ። ቢሆንም ወጣሁ። እግሮቼን ወደ ግራ አሳለፍኩ፣ ቀሚሴን ሸጎጥኩ፣ ቦርሳዬን አቀፍኩ። ወንድሜ አበራው። አንድ ጊዜ ጠቀሰና ፈጠጠ።

«ወላሂ ጂን አለባት!» አለ ሾፌሩ።

«ዝም በል! ጂን ሰንጠረዥ አይሠራም።» አዴር ከበርጩማቸው ተነስተው ዙሪያዬን ዞሩ። ከዚያ እንደ መሳቅ አሉ። «ሦስት ወንድ ጫንኩ፣ ሁሉም እንደ ፈረስ። እሷ በጎን ናት። ክብደቷ ሁሉ በግራ ነው! በእኔ ጋራዥ ሴት በጎን ተቀምጣ ሞተር ያስፈተሸች አለች? የለችም። ለዚህ ነው ግመሉ እዚህ ሲመጣ የሚድነው።»

«ሁለተኛው ሽቦስ?» አልኩ። ይህን ሳልጠይቅ መውረድ አልቻልኩም።

«የቱ?»

«መመለሻው። አንድ አንድ ሽቦ ነው ያለው።»

አዴር ዓይናቸው በራ። «ማን ነገረሽ?»

«መጽሐፍ።»

«መጽሐፉ እውነቱን ነው። ሽቦሽ ግን አልጠፋም፤ ተቀምጠሽበታል! መመለሻው ብረቱ ራሱ ነው፣ የሞተሩ አካል በሙሉ። ፋብሪካው ብረት እያለ ለሽቦ ለምን ይከፍላል?» አንድ ቁራጭ ሽቦ አነሱ። አንዱን ጫፍ የኋለኛው የግራ ፍሬቻ ከታሠረበት ክንድ ላይ ፋቅ አድርገው ያዙት፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ራቁት ብረት ላይ አስነኩት። እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ፍሬቻው ጠቀሰ። ሽቦውን አነሱት፤ ፈጠጠ። መለሱት፤ ጠቀሰ። ሦስተኛውን ጊዜ እኔ እንድይዘው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ትምህርት ግን አላገኘሁም።

«ክንዱ ከአካሉ ጋር እዚህ ላይ ይገናኛል» አሉ ወደ ኮርቻው ሥር እያመለከቱ። «አባዮ በጎን ስትቀመጥ ኮርቻው ይጫነውና ፀጉር ታህል ይለያያል። ቢለያይም ቡሎኑ ያገናኘው ነበር። ግን…» ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ጫሩት። «ይሄን ማን ቀባ?»

ሁላችንም ወንድሜን አየነው።

«እኔ ነኝ» አለ በኩራት። «ከቡሎኑም ሥር፣ ከቀዳዳውም ውስጥ። ሦስት እጅ።»

«ሦስት እጅ!» አዴር እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ዋሪያ፣ ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም! የመመለሻውን በር ሦስት ጊዜ ቆልፈህበታል። መጀመሪያ ቡሎኑ ጠብቆ ሳለ በስንጥቅ ይሾልክ ነበር፤ አሁን ላልቷል፤ እህትህ ስትቀመጥ ስንጥቁም ይዘጋል።»

ወንድሜ ቡሎኑን በአውራ ጣቱ ደባበሰው። ፉርጎ የሚያህል ነገር ቀብቶ አንድ ቀን ነውር ያልተገኘበት ሰው ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«መፋቅ ነዋ። እስከ ብረቱ።»

«አረንጓዴውን?»

«አረንጓዴውን። ወይ ቀለሙ ይነሳል፣ ወይ እሷ እንደ ወንድ አንፈራጣ ትቀመጥ።»

ሾፌሮቹ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ተደፉ። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። አሳዘነኝ። ስምንት ቀን ጎንበስ ብሎ የሠራው ሥራ ነው፤ እኔም ሠንጠረዤን አንድ ሰው ቢያጠፋብኝ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። «ግድ የለም፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት ቀስ ብዬ። «አንፈራጥጬ እቀመጣለሁ። እስከ ሰኔ ነው። ከውስጥ ሱሪ እለብሳለሁ።»

አየኝ። ቁልፍና ካቻቢቴ ከአዴር ሳጥን አነሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት ጠየቀ፣ ተንበረከከ፣ ቡሎኑን ፈታና የራሱን ቀለም መፋቅ ጀመረ። አዴር «ሰፋ አድርገው» ሲሉት «ከአምስት ሳንቲም አይበልጥም!» ይላል። አምስት ሳንቲም የምታህል ክብ ቦታ ፋቀ፤ ግን እንዴት ያለች ክብ! በኮምፓስ የተሠራች ትመስላለች። ነጭ ብረት ብልጭ ሲል አዴር እንዳይዝግ ትንሽ ግራሶ ቀቡት፤ ቡሎኑ ተመልሶ ታሠረ። እኔ በጎን ተቀመጥኩ። ጠቀሰ። ሾፌሮቹ ሞተሩን ወዲያና ወዲህ ነቀነቁት፣ እኔም ብረቱን ይዤ ጮህኩ፤ ፍሬቻው ግን መጥቀሱን አልተወም።

ሰኞ ፋብሪካው ፊሽካውን ሲነፋ በር ላይ ነበርኩ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰዓቱ አሥር ከሃያ ነው። ወንድሜ ከድልድዩ አጋማሽ ጀምሮ የግራውን አብርቶታል። ሃምሳ አለቃው ከኒም ዛፉ ሥር ብቅ ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

«ይጠቅሳል እኮ!» አለ ወንድሜ።

«አይቻለሁ። ግን ይሄ ሞተር ሁለት ጊዜ አታሎኛል። አሥር ጊዜ ሲጠቅስ እቆጥራለሁ።» ከኋላ ሄዶ ቆመና ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። «አንድ… ሁለት…» የሚቆጥረው እንደ ደመወዝ ነው፤ አንዱን እስኪጨብጥ ሌላውን አይነካም። አሥር ላይ ደርሶ «ውረጂ» አለኝ። ወረድኩ፤ ጠቀሰ። «ውጪ።» ወጣሁ፤ ጠቀሰ። በልቤ ይሄ ሰው ከእኔ ይብሳል አልኩ። በሌላ ቀን ቢሆን እወደው ነበር።

«እንግዲህ አንድ ጊዜ ሞተሩን አጥፍተህ…»

«ሃምሳ አለቃ» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «አሥር ብለው ነበር፤ አሥር ሞልቷል። የእርስዎ አሥራ አንደኛ የእኔ ሦስተኛ ነው። ዛሬ ካረፈድኩ ስሜ ለሚኒስትሪ አይላክም።»

«ለማን? ለአንቺ? በዚህ ዕድሜሽ ስምንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ነኝ።»

ቦርሳዬን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ወደ መንገዱ መሃል ወጣና ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ። ከወዲያ የሚመጣው ጋሪ ቆመ፣ ከወዲህ የሚመጣ የጭነት መኪና ቆመ፣ አንዲት ማገዶ የጫነች ግመል ግን አልቆም ብላ ባለቤቷ አንገቷን አቅፎ ያዛት። «ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው። «እለፍ! ምን ታፈጣለህ!»

ታጠፍን። የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው፤ በብረት ሲመቱት ሰፈሩን ያዳርሳል። ጥጉ ጋ ስንደርስ የመጀመሪያውን ምት ሰማሁ። ወንድሜ ሞተሩን በሩ አፍ ላይ አስገባው። ዘበኛው በሩን እየገፉ ነበር፤ ሐዲዱ ገና «ዝዝዝ» እያለ ይንቀጠቀጣል። ከሞተሩ ላይ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ትዝ የሚለኝ በሩ ቀሚሴን ይዞ ዘበኛው «ቀስ፣ ቀስ፣ ጨርቅሽን ልፍታልሽ» ሲሉኝ ነው። ዳይሬክተሩ በረንዳ ላይ መዝገባቸውን ይዘው ቆመዋል። ቀሚሴ ውጭ፣ እኔ ውስጥ መሆኔን ለአፍታ መረመሩ። «ተማሪዋ ገብታለች» ብለው መዝገቡን ከደኑት።

ዘወር ስል ወንድሜ በበሩ ፍርግርግ በኩል ይታየኛል። ሞተሩን አዙሮ በቀጥታው መንገድ ይሄዳል፤ የግራው ፍሬቻ ግን እንደበራ ነው። ሳያውቅ የተወው መስሎኝ ልጠራው ነበር። በኋላ ስጠይቀው እስከ ቤት ድረስ ሆን ብሎ እንዳላጠፋው ነገረኝ።

ስሜ ከተላከው ዝርዝር ውስጥ ነበር። ፈተናውን ተፈተንኩ፤ ሂሳቡም እንደፈራሁት አልከበደኝም። የመጨረሻውን ወረቀት ሰጥቼ ስወጣ ወንድሜ ሞተሩን ጥላ ሥር አቁሞ ጠበቀኝ። ፈተናው እንዴት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ከኮርቻው ሥር ጎንበስ ብሎ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ከጨረስሽ…»

«እህ?»

«ያቺ የፋቅናት ቦታ እኮ ነው። ራቁቷን ናት። አንዲት እጅ ብቻ፣ በጣም ሳሳ አድርጌ ብቀባት?»

«እንዳትነካት!» አልኩና በጎን ተቀመጥኩ።